ግልጽ ደብዳቤ፦ የድሬዳዋ ጣቢያ መብራቶች በኪሎ አይሸጡ

ይድረስ የአሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ንብረት በእጃችሁ ለሚገኝ የሥራ ኃላፊዎች፣
ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ ሕዝብ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

በጣቢያው አጥር ላይ የተለጠፈውን የሽያጭ ማስታወቂያ አንብበናል። አሮጌ የመብራት ዕቃዎች ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቀው፣ ባሉበት ሁኔታ፣ በኪሎ እንደሚሸጡ ይገልጻል። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ደግሞ የመሳፈሪያው መብራቶች መነቀል ጀምረው ነበር። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሽያጩም ነቀላውም እንዲቆም ነው። ቀደም ሲል ሄደን በቃል አመልክተናል። የተሰጠን መልስ «አሮጌ አምፖል ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል» የሚል ነበር። ስለዚህ የሚያስጨንቀንን ነገር በጽሑፍ ማስረዳት ግድ ሆነብን።

እኛ በምድር ባቡር የመብራት፣ የሲግናልና የጥገና ክፍሎች ስንሠራ የኖርን ጡረተኞች ነን። ከመካከላችን አባቱም እዚያው የሠራ አለ። አብዛኞቻችን ዛሬም የምንኖረው ከዚራና ለገሃሬ ነው። በጣቢያው በር ሳናልፍ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው።

የከተማችን ታሪክ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ግን ባጭሩ እናንሳው። አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ መስመሩ ከግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ደረሰ። ከተማዋም አብራ ተወለደች፤ ያኔ የተሰጣት ስም እንኳ አዲስ ሐረር ነበር። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ለዓመታት የሀዲዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ሆና ቆየች። አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። በሌላ ቦታ ከተማ ይቆረቆርና ጣቢያ ይሠራለታል። እዚህ ጣቢያው ቀድሟል። የጣቢያው ዕቃ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ብቻ ነው ብለን ማሰብ የሚከብደን ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሀዲድና የራሱ ጣቢያ አለው። የእሱ ሀዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1 ሜትር። የአሮጌው መስመር ዕቃ ለአዲሱ መለዋወጫ አይሆንም ስትሉ ትክክል ናችሁ። እኛም በሙያችን እናውቀዋለን። «ስለዚህ ይሸጥ» የሚለው ላይ ግን አንስማማም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ዝርዝሩ ላይ ነው። ማስታወቂያው «የመብራት ዕቃ» ብሎ በአንድ ስም የጠራው ውስጥ ጨርሶ የማይገናኙ ነገሮች አሉ። የመሳፈሪያው የግድግዳና የምሰሶ መብራቶች አሉበት። የላምባ የእጅ ፋኖሶች አሉበት። የሲግናል መብራት ሌንሶች አሉበት። በመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ የሚሰቀለው ቀይ መብራት አለበት። በኋላ ዘመን የገቡት ሸንበቆ መብራቶችም (ረጃጅሞቹ ፍሎረሰንቶች) አብረው ተደምረዋል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ መዝኖ መሸጥ ማለት ምን እንደሚሸጥ ሳያውቁ መሸጥ ነው።

ቀዩን የፉርጎ መብራት እንውሰድ። መስመራችን ባለ አንድ ሀዲድ ነበር። ወጪውም ወራጁም በዚያው ሀዲድ ነው የሚሄደው፤ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ባቡር በሌሊት ጣቢያ ሲገባ ወይም ሲያልፍ ተረኛው ሠራተኛ በዓይኑ የሚፈልገው ያንን ቀይ መብራት ነው። መብራቱ ከታየ ባቡሩ ሙሉ ነው። ካልታየ ፉርጎ ተቆርጦ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያ ሳይረጋገጥ ሌላ ባቡር ቢለቀቅ የሚደርሰውን አደጋ መገመት አያስቸግርም። በዚህ መስመር በሌሊት የተጓዘ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ጅቡቲ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደውም፣ ሳያውቀው በዚህ መብራት ሲጠበቅ ነው የኖረው። ዛሬ ይህ መብራት በግቢው ክምር ውስጥ ነው ያለው።

የእጅ ፋኖሱም እንዲሁ ነው። በሌሊት ፉርጎ ሲቀጠልና ሲፈታ ነጂው ከሎኮሞቲቩ ሆኖ የሠራተኛውን ፊት አያይም፤ ድምፁንም አይሰማም። የሚያየው ፋኖሱን ብቻ ነው። ቀይ ሲዞርለት ይቆማል። በፉርጎና በፉርጎ መካከል ገብቶ ሰንሰለት የሚያያይዘው ሰው ሕይወት በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የፋኖሱን ክር መከርከም፣ ላምባ መሙላት፣ መስታወቱን ከጥላሸት ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ያልጸዳ ፋኖስ ይዞ ተረኛነት የገባ ሰው ይቀጣ ነበር፤ መቀጣቱም ተገቢ ነው።

እነዚህ ፋኖሶች ከመጋዘን ወጥተው ግቢው ውስጥ ተከምረው አይተናል። የነሐስ ማቃጠያቸው ተለይቶ ተነቅሏል፤ ነሐስ በኪሎ ጥሩ ዋጋ አለውና። ቆርቆሮው ተጨፍልቋል። መስታወቱ መሬት ላይ ተሰባብሯል። የነሐሱ ጥቂት ኪሎ የሚያስገኘው ብርና የጠፋው ነገር አይመጣጠኑም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሥራው አዋቂ ሳይጠየቅ መካሄዱ ነው። አንድ ጉዳይ ብቻ እንጥቀስ። ቆጠራውን ከሚሠሩት ወጣቶች አንዱ ሰማያዊ የሚመስል ሌንስ አንስቶ «ባቡር ሰማያዊ መብራት የለውም፣ ይሄ የሌላ ነው» ብሎ ከተሰበሩት ጋር ሲጥለው ከመካከላችን አንዱ በዓይኑ አይቷል። ልጁን አንወቅስም፤ ማንም አልነገረውም። ነገሩ እንዲህ ነው። የላምባ ነበልባል ቢጫ ነው። በተራ አረንጓዴ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ ቢጫነቱ ያመዝንና ከሩቅ ከሌላ መብራት ጋር ይምታታል። ስለዚህ በላምባ ዘመን የሲግናል መስታወት የሚሠሩ ሰዎች ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ይሠሩ ነበር። ከኋላው ላምባ ሲነድ ጥርት ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በቀን ብርሃን እጅ ላይ ይዞ ለሚያየው ሰማያዊ ነው። ያ የተጣለው ሌንስ እንግዲህ አረንጓዴ ነበር።

ሌንሱ ላይ የሚታየው ደረጃ ደረጃ ያለው ክብ መስመርም ጌጥ አይደለም። ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች የፈጠረው አሠራር ነው። ወፍራም መስታወት ሳያስፈልግ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል። ጣት የምታህል ነበልባል ከሩቅ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። የድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የብርሃን ትምህርት ሲማር መጽሐፍ ላይ በሥዕል የሚያየውን ነገር እዚሁ ሰፈሩ ውስጥ በእጁ ነክቶ ማየት ይችል ነበር። የፊዚክስ መምህር የሆነ ማንኛውም ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ይረዳናል።

ሦስተኛው የነቀላው አሠራር ነው። የመሳፈሪያው መብራቶች ሰፋፊ የብረት ቆብ ያላቸው ናቸው። ከውጭ ጠቆር ያሉ፣ ከውስጥ ነጭ። ላያቸው ቀለም አይደለም፤ እናቶቻችን ቤት ባለው ነጭ የብረት ትሪና ኩባያ ላይ እንዳለው ዓይነት፣ በእሳት ብረቱ ላይ የቀለጠ መስታወት ነው። ኢናሜል ይባላል። በድሬ ፀሐይና አቧራ ለዘመናት ሳይዝግ የቆየው በዚህ ነው። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ እሱም ምት ነው። ሲመታ ይፈረከሳል። በተፈረከሰው በኩል ዝገት ይገባል።

ነቃዮቹ ምን አደረጉ? ብሎኑን ፈትተው ማውረድ ሲችሉ የመብራቱን ክንድ በግራይንደር ቆረጡት። ቆቡ ከነአምፖሉ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። የሸክላው ፖርታ ላምፓዳ፣ ማለት አምፖሉ የሚገባበት ማቀፊያ፣ ተሰባበረ። ገመዱ መዳቡ ተፈልጎ ከግድግዳው ውስጥ ተጎተተ፤ ልስኑ አብሮ ፈረሰ። ብረቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚነቅለው እንዲህ ነው። ሥራው የተሰጠው ለማን እንደሆነና በምን ውል እንደሆነ ብንጠይቅ የሚነግረን አላገኘንም።

ፖርታ ላምፓዳ ስንል ደግሞ ነገሩን እንደ ጥቃቅን እንዳታዩብን። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አምፖሉን ገፍተው አዙረው በሁለት ጆሮ የሚቆልፉት ነው፤ ፈረንሳዮች በብዛት የሚጠቀሙበት ይህንን ነበር። ሁለተኛው በጥርስ የሚጠመዘዘው ነው፤ ይህ በጣሊያንና በጀርመን የተለመደው ነው። መስመሩን የፈረንሳይ ኩባንያ ሠራው። የጣሊያን ወረራ አለፈበት። በኋላ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሆነ። የትኛው መብራት በየትኛው ዘመን እንደተሰቀለ ለመመርመር የሚነሳ ሰው ከሚጀምርባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ሌላው ምልክት ዕቃው የነበረበት ቦታ ነው። የትኛው መብራት ከየትኛው ግድግዳ እንደተነሳ ግን አንድ ወረቀት ላይ እንኳ አልተጻፈም። ፎቶም አልተነሳም። ከተደባለቀ በኋላ መለየት ለእኛም እያስቸገረን ነው። እያንዳንዱ ቀን በዘገየ ቁጥር የሚያስታውሱት ሰዎችም እያነሱ ነው።

አራተኛውን ባጭሩ እንለፈው፤ መጣራት ያለበት ግን ነው። ጨረታው ገና ሳይከፈት ከመሳፈሪያው ቆቦች የተወሰኑት ከተማችን ውስጥ አንድ ካፌ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። ባለካፌውን አንከስም። ዕቃው ውብና ዋጋ ያለው መሆኑ ገብቶታል፤ ከእናንተ ዘንድ የጠፋው ይኸው ነው። ዕቃው ከታጠረ ግቢ በምን የመውጫ ሰነድ እንደወጣ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

አምስተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ሸንበቆ መብራቶቹ ውስጥ የሜርኩሪ ጭስ አለ። ሲሰበሩ ይወጣል። በአሮጌ ፍሎረሰንቶች ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) ውስጥ ደግሞ ፒሲቢ የሚባል ዘይት ሊኖር ይችላል፤ መርዛማነቱ ታውቆ በስቶክሆልም ዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው። እነዚህ ዕቃዎች አሁን ያሉት ሜዳ ላይ ነው። አጥሩ የተከፈተ ቦታ አለው። ቁራሌ የሚለቅሙ ሕፃናት እየገቡ ሸንበቆውን ሰብረው ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ይወስዳሉ። ለሌላው ነገር ጊዜ ቢያስፈልጋችሁ እንኳ ይህኛው ነገ ጠዋት መስተካከል ያለበት ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር እንበል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚለው ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። በታሪክ፣ በሳይንስ፣ በባህልና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን የሰው ልጅ የሥራ ውጤት ያካትታል። የሚንቀሳቀስም የማይንቀሳቀስም ይላል። ሕንፃውን «ቅርስ ነው፣ አይፈርስም» ብላችሁ ስትናገሩ ሰምተናል፤ ደግ አደረጋችሁ። ሕንፃው ቅርስ ከሆነ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መብራት በምን ምክንያት ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል? ይህን የወሰነ ባለሙያ ካለ ስሙንና ሙያዊ አስተያየቱን ብታሳዩን እንወዳለን።

ጎረቤታችንን ሐረርን ተመልከቱ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንግዳ ሐረር ሲሄድ ግንቡን ዞሮ ብቻ አይመለስም። የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብቶ ከፍ ዝቅ ያለውን መደብ ያያል። ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሰፌድና ሙዳይ ያያል። የቤቱ ሰዎች የትኛው ዕቃ የት እንደሚሰቀል፣ ለምን እንደሚሰቀል ይነግሩታል። ዕቃው ወጥቶ ባዶ ግድግዳ ቢቀር ማን ይገባ ነበር? ለእኛ ጣቢያ የሚያሰጋን ይኸው ባዶ ግድግዳ ነው። ወርክሾፓችንን ለማየት ዛሬም ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮችና ማሽኖች አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ተደስቶ ይሄዳል። በሌሊት እንዴት ይሠራ ነበር ብሎ ቢጠይቅ የምናሳየው ነገር መኖር አለበት።

ገንዘቡ ያስፈልገናል ትሉ ይሆናል። ይገባናል፤ ግቢው ጥበቃ ይፈልጋል፣ ጥበቃውም ደመወዝ ይፈልጋል። ሽያጩ ከተራ ቁርጥራጭ ሀዲድና ከተበላሸ ቆርቆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። የምንለው መብራቱ ከሽያጩ ይውጣ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ነቀላውና ሽያጩ ዛሬውኑ ይታገድ። ግድግዳ ላይ የቀሩት መብራቶች ባሉበት ይቆዩ። ሸንበቆ መብራቶቹና ባላስቶቹ (ኤሌክትሪኩን የሚመጥኑላቸው ዕቃዎች) ከሜዳ ተነስተው በተዘጋ ክፍል ይቀመጡ፤ አወጋገዳቸውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ይወስን። አጥሩ ይጠገን።

ቀጥሎ ቆጠራ ይደረግ። በኪሎ ሳይሆን በቁጥር፣ በዓይነት፣ በፎቶ እና ከየት እንደተነሳ በሚገልጽ ጽሑፍ። ለዚህ ሥራ ክፍያ አንጠይቅም። ፋኖሱን ከፋኖስ፣ ሌንሱን ከሌንስ መለየት የሚችሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ቆጠራውን የሚሠሩት ወጣቶች አብረውን ይሁኑ፤ የሚያውቀውን ለማስተማር ከእኛ ወገን የሚሰስት የለም። ዕቃዎቹ እስከዚያ በአሸዋ ወረቀትና በአሲድ እንዳይጸዱ ትእዛዝ ይሰጥልን፤ ኢናሜሉ ይበላሻል። ማንም ሰው ደግሞ አሮጌውን መብራት ለመሞከር ብሎ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ። የገመዱ ጎማና ጨርቅ ደርቆ ይረግፋል፤ ኤሌክትሪኩ ሰው ይይዛል።

ለዕቃዎቹ ማስቀመጫ አዲስ ሕንፃ አንጠይቅም። ጣቢያው ውስጥ ተዘግተው የተቀመጡ ክፍሎች አሉ። አንዱ ክፍል ቁልፍና መደርደሪያ ተደርጎለት ለዚህ ይሰጥ። ትምህርት ቤቶች በፕሮግራም እየመጡ ይዩት። ከወርክሾፑ ጉብኝት ጋር ቢያያዝ ደግሞ ከትኬቱ የሚገኘው ገቢ ለጥበቃው ደመወዝ ሊረዳ ይችላል።

የመሳፈሪያው መብራቶች በቦታቸው ተመልሰው እንዲበሩም እንፈልጋለን። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ቆቡና ክንዱ አሮጌው ይሆናል፤ ውስጡ አዲስ ገመድ፣ አዲስ ፖርታ ላምፓዳና ኤልኢዲ አምፖል ይገባል፤ በደንብ ኤርዝ ይደረጋል፣ ማለት ሰው እንዳይይዝ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዛል። ከቢጫው አምፖል ጋር የሚቀራረብ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው ኤልኢዲ ገበያ ላይ አለ። የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው። የድሬ ሰው ሙቀቱ በረድ ሲል ማምሻውን ከቤት ይወጣል፤ የጣቢያው ፊት ለፊት ግን ጨለማ ስለሆነ ሴቶችና ልጆች በዚያ ማለፍ ይፈራሉ። መብራቱ ቢበራ ለሰፈሩም ይጠቅማል።

በመጨረሻ፣ ከግቢው የወጡት ቆቦች ጉዳይ ተጣርቶ ውጤቱ በጽሑፍ ይገለጽልን።

ለከተማችን ሕዝብም አንድ ቃል አለን። እናንተ በየቤታችሁ ከአባት ወይም ከአያት የቀረ የባቡር ፋኖስ ያላችሁ፣ ለቁራሌ አትስጡት። ከየት እንደመጣ፣ ማን ይዞት እንደሠራ ጻፉና አስቀምጡት። ልትለግሱት ከፈለጋችሁ ክፍሉ እስኪዘጋጅ ድረስ ታገሱን። ከገበያ የገዛችሁም ብትሆኑ ማንም አይከሳችሁም፤ ፎቶውን ብቻ እንድታሳዩን እንለምናለን።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በደብዳቤ እንጠብቃለን። ቆጠራው ለሚጀመርበት ቀን ከጠራችሁን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በጣቢያው በር እንገኛለን። ሥራው ከቀትር በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ በመካከላችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ የቀኑን ሙቀት የማይችሉ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

በድሬዳዋ የቀድሞ የምድር ባቡር የመብራት፣ የሲግናልና የጥገና ክፍል ጡረተኞች
የጡረተኞቹ ተወካይ፣ የቀድሞ የመብራት ክፍል ኤሌክትሪሺያን
ድሬዳዋ፣ ከዚራ